የእንዶድ አረፋና የአባት ሬዲዮ

ዛሬ የምንነጋገረው ከስመ ጥር ሰዎች ሕይወት ብርታት ስለ ማግኘትና በየዕለቱ ኑሯችን መረጃ ስለ መከታተል ነው። አብዛኞቻችን ሁለቱን ለየብቻ ነው የምናስባቸው፤ አንዱን ለስሜታችን፣ ሌላውን ለጉዳያችን። እኔ ግን ሁለቱ ተለያይተው ሲኖሩ ሁለቱም ይመክናሉ ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ከአንድ ሬዲዮ ልጀምር።

ጊዜው 1972 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። አርሲ ውስጥ፣ አሰላ አካባቢ፣ በአንድ ገበሬ ቤት የ7 ዓመት ልጅ የአባቱን ሬዲዮ ተጠግቶ ያዳምጣል። ከሬዲዮው የሚወጣው ድምፅ ሞስኮ ላይ ስለሚሮጥ ኢትዮጵያዊ ያወራል። ሐምሌ 20 ቀን ምሩፅ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘ። ሐምሌ 25 ቀን የ5 ሺህ ሜትሩንም ደገመው። ውድድሩ ሊያልቅ ሲል ፍጥነቱን በድንገት ስለሚለውጥ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ይለው ነበር። ሬዲዮውን የተጠጋው ልጅ ደግሞ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው።

ኃይሌን ሯጭ ያደረገው ሬዲዮው ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ እየሮጠ ይሄድ፣ እየሮጠ ይመለስ ነበር። አድጎ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር እንኳ ያቺ ግራ ክንዱ አሁንም ደብተር እንደያዘች ሁሉ እጥፍ ብላ ትታይ ነበር። ሬዲዮው የነገረው ሌላ ነገር ነው። እግሩ በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ሞስኮ ድረስ የሚወስድ መንገድ እንዳለው ነገረው። ሩጫው ድሮም የራሱ ነበር፤ ዜናው ከውጭ መጣለት። ከዚያ ሐምሌ በኋላ 16 ዓመት ቆይቶ በአትላንታ፣ 20 ዓመት ቆይቶ በሲድኒ፣ በዚያው በ10 ሺህ ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ አጠለቀ።

አድማጮቼ፣ ያ ልጅ ዜናውን ባይሰማ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። በዚያው መንገድ የሚሮጡ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። በየገጠሩ ዛሬም አሉ። ጉልበታቸውና ትጋታቸው አለ፤ ያላቸው ነገር የት ሊያደርሳቸው እንደሚችል የሚነግራቸው ድምፅ ነው ያልደረሳቸው። ስለዚህ መረጃ የተማረ ሰው ጌጥ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያ የአባት ሬዲዮ ትዝ ይለኛል።

ነገር ግን ሬዲዮው የሚነግረን አብዛኛውን ጊዜ የድሉን ቀን ነው። ከምሩፅ የሞስኮ ድል ጀርባ 8 ዓመት አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5 ሺህ ሜትሩን ውድድር ግን ሰዓቱ አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። ለአንድ ሯጭ ከመሸነፍ ይልቅ ሳይሮጡ መቅረት እንደሚያቃጥል መገመት አያዳግትም። አራት ዓመት ጠብቆ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር ራግቢ በመጫወቷ ምክንያት ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ኢትዮጵያም አብራ ቀረች። ሌላ አራት ዓመት። የሯጭ ዕድሜ አጭር መሆኑን አትርሱ። በእነዚያ ዓመታት በየማለዳው ተነስቶ የሮጠውን ሩጫ ማንም በሬዲዮ አላስተላለፈውም። እኔ ከምሩፅ የምወስደው ብርታት ከሞስኮው ሜዳ ይልቅ በእነዚያ ማለዳዎች ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ማለዳዎቹ መኖራቸውን ማወቅ የምችለው ግን ታሪኩን ጠይቄ፣ አንብቤ፣ አገናኝቼ ሳየው ነው።

በደንብ የምናውቃቸው የሚመስሉንን ታሪኮች እንኳ አንዳንዴ በተሳሳተ መንገድ ነው የያዝናቸው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ አሸነፈ። በባዶ እግሩ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ለምን በባዶ እግሩ እንደሮጠ ግን ጎረቤታችሁን ጠይቁ፤ «ጫማ ስላልነበረው ነዋ!» የሚላችሁ አይጠፋም። ጫማ ነበር። የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተመቸው፣ በልምምድም ጊዜ በባዶ እግሩ መሮጥ ስለለመደ፣ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ ሮጠና ደግሞ አሸነፈ።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ እኔ ግን ትልቅ ነው እላለሁ። ጫማ ስላልነበረው ሮጠ ካልን ለልጆቻችን የምናወርሰው ኀዘኔታ ነው። እግሩን ስለሚያውቅ ወሰነ ካልን የምናወርሳቸው ማስተዋል ነው። አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እንኳ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? በቤታችሁ የአካል ጉዳት ያለበት ወንድም ወይም እህት ካለ፣ ከሮሙ አበበ ይልቅ ይኸኛው አበበ ሊቀርባቸው ይችላል።

አሁን ረዘም አድርጌ ላወራችሁ ወደምፈልገው ሰው እንሂድ። ስማቸው እንደ ሯጮቻችን በየሰፈሩ አይጠራም። ዶክተር አክሊሉ ለማ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱ፣ አሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ተመራማሪ ነበሩ። ያጠኑ የነበረው ቢልሃርዚያን ነው።

ቢልሃርዚያን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰው ደግሞ ሊያውቀው ግድ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ትንሽ ጥገኛ ትል ነው። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ ወይም ሲሸና የትሉ እንቁላል ወደ ውኃው ይገባል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና በአንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይራባል፤ ከዚያ በብዛት ወደ ውኃው ይወጣል። እንግዲህ ልጆች ሲዋኙ፣ እናቶች ልብስ ሲያጥቡ፣ ገበሬ መስኖ ሲከፍት፣ ቆዳቸውን ዘልቆ ይገባል። መጠጣት እንኳ አያስፈልግም፤ እግርን መንከር ይበቃል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ግን ትሉ መራቢያ ያጣል፣ ሰንሰለቱም ይበጠሳል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ቀንድ አውጣውን ሲያሳድዱ የኖሩት።

እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ዶክተር አክሊሉ ይህንኑ ቀንድ አውጣ ለማጥናት አድዋ ሄዱ። ከተማይቱን አቋርጠው በሚያልፉት ጅረቶች ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። የከተማ ልጆች ምናልባት አታውቁት ይሆናል፤ እንዶድ ቁጥቋጦ ነው፣ ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ከውኃ ጋር ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ነጭ ነጠላንና ጋቢን እንደ እንዶድ የሚያነጣ የለም ይሉ ነበር እናቶቻችን። ዶክተር አክሊሉ ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል ያለውን ውኃ ሲመለከቱ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። ከአጣቢዎቹ ከፍ ብሎ ባለው ውኃ ያሉት ግን በሕይወት አሉ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር በጣም ቀላል ነው፤ በጣም የምወድላቸውም ይህንኑ ነው። ከላይኛው ውኃ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ለቅመው በዕቃ ውስጥ አስቀመጡ። ልብስ ከምታጥብ አንዲት ሴት ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትሰጣቸው ጠየቁ። ጨመሩበት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ያንን ጅረት ስንት ሰው ተሻግሮታል? ስንት ሐኪም፣ ስንት መምህር፣ ስንት ነጋዴ፣ ስንት እረኛ? የሞተ ቀንድ አውጣ ያየም ብዙ ነው። ሴቶቹ ስለ እንዶድ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ መቼ እንደሚለቀም፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ ምን ያህል ውኃ እንደሚፈልግ። ዶክተር አክሊሉ ደግሞ ቀንድ አውጣው የማን ቤት እንደሆነ ከመጻሕፍትና ከላቦራቶሪ አውቀው መጥተዋል። ዓይናቸው የተከፈተው ስለሚያውቁ ነው። ያንን ዕውቀት ይዘው ባይመጡ የሞተ ቀንድ አውጣ የሞተ ቀንድ አውጣ ብቻ ነበር። ሴትየዋን አረፋ ባይለምኗት ደግሞ መጽሐፉ መጽሐፍ ሆኖ ይቀር ነበር። መረጃ መከታተል ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ በየቀኑ የምናየውን ነገር እንድናየው የሚያደርገንን ነገር መሰብሰብ።

ታሪኩ በዚያ ጅረት ዳር አላበቃም። ዶክተር አክሊሉ አዲስ አበባ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። አድዋ ላይ ለዓመታት ጅረቶቹን በእንዶድ እያከሙ ውጤቱን ተከታተሉ። በትንንሾቹ ሕፃናት ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየአገሩ የእንዶድ ዝርያ ሰብስበው፣ ተክለው፣ አወዳድረው፣ ኃይለኛውንና ፍሬያማውን መረጡ። ተክሉን ተክለው ዓመት የሚጠብቁት እኚህ ሰው ባይኖሩ ግኝቱ ከአንድ ዕቃ ውኃ አያልፍም ነበር። ስለዚህ የአንድን ታላቅ ሰው ስም ስትሰሙ «አብሮት ማን ሠራ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እባካችሁ ይህን ልማድ አድርጉት።

ዓለም አቀፍ ተቋማት ለረጅም ጊዜ ግኝቱን በጥርጣሬ ነው ያዩት። በአፍሪካ ላቦራቶሪ የተሠራ ምርመራ አይበቃም፣ በምዕራባውያን ላቦራቶሪ እንደገና ይረጋገጥ የሚል መልስ ሲመጣ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1990 ዶክተር አክሊሉ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሳለ፣ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረ ባለ ዛጎል ፍጡር ላይ እንዶድ ተሞከረና ገደለው፤ ዩኒቨርሲቲው የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ በመንቀሳቀሱም ብዙ ክርክር ተነሳ። የአድዋ እናቶች ለዘመናት ያወቁት ነገር ባለቤቱ ማነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሠ፣ ብዙዎች «አማራጩ ኖቤል» የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ።

ይህን ስነግራችሁ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ታሪኩ ደስ አሰኝቷችሁ እንዶድ ወቅጣችሁ ወንዝ ውስጥ እንዳትጨምሩ። ዓሣም ይገድላል። መጠጣትማ ፈጽሞ አይሞከርም፤ መርዛማ ነው። ቢልሃርዚያ ዛሬ በዋናነት የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በሚባል ክኒን ነው። ሽንታችሁ ወይም ሰገራችሁ ደም ከቀላቀለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ታዋቂ ሰው ብርታት የሚሰጠውን ያህል ሊያሳስትም ይችላል፤ ብዙውን ጊዜም ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ባለፈው ሰሞን ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ሁለተኛው እየተቀዳ ሳለ የቤቱ ልጅ ስልኩን እያየ ድንገት «ውይ!» አለ። አንድ የተወደደ ዘፋኝ ሞተ ይላል ጽሑፉ። አያቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ እንባቸው ፈሰሰ።

«ማን ነው የጻፈው፣ የእኔ ልጅ?» አልኩት።

«ቴሌግራም ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«ቴሌግራም ላይ ማን?»

ልጁ ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ የመጣ ነው፤ የጻፈው ሰው ስም የለም፣ የት ሆስፒታል፣ መቼ፣ ማን አረጋገጠ የሚል የለም። ፎቶው የቆየ ነው። የምሽቱ ዜናም ምንም አላለም። ዘፋኙ ደህና ነበር። አያቲቱ ነገሩ ከጠራላቸው በኋላ የተናገሩት አሁንም ከጆሮዬ አልጠፋም፤ «ታዲያ ማን ጠልቶት ነው ቀብሮ የተነሣው?» አሉ።

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። የሰማ ላልሰማ ያሰማ በሚባልበት አገር ያደገ ልጅ ነው። ዱሮ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር፣ የሰማው ሰው ወደ መንደሩ ይዞ የመሄድ ግዴታ ነበረበት። ያ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ነጋሪቱን ማን እንደጎሰመው ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ የጎሳሚውን ፊት ይደብቃል። ስለዚህ ከማስተላለፋችሁ በፊት ማን አለው፣ መቼ አለው፣ ሌላስ ማን አለው ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ እናንተ ጋ ይቁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን አባባል እናቶቻችን ለገበያ ብቻ አላሉትም።

በታዋቂ ሰዎች ፎቶ ላይ ተጽፈው የሚዞሩት ጥቅሶችም እንዲሁ ናቸው። ሰውየው ጨርሶ ያላለውን ነገር የተናገረ አስመስለው ይጽፉበታል። አሁን አሁን ደግሞ ድምፁንና ምስሉን በኮምፒውተር አስመስሎ መሥራት ቀላል ሆኗል፤ የምታከብሩት ሰው «ይህን ያህል ብር አስገቡ፣ እጥፍ ይመለስላችኋል» ሲላችሁ ብትሰሙ ድምፁን ስላወቃችሁት ብቻ አትመኑ። ማስታወቂያ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ሯጭ ስለ ሩጫ ሲናገር ጆሮዬን ሰጥቼ እሰማለሁ። ያው ሯጭ ስለ ኩላሊት መድኃኒት ቢነግረኝ ግን ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ክብሩን መቀነስ አይደለም፤ ያከበርነው በሚያውቀው ነገር ነውና እዚያው ላይ እናክብረው።

መረጃ ስንል ሁሉም ነገር ትልቅ ዜና አይደለም። አንዳንዱ ዳቦ ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቶ በወረቀቱ ላይ «9 ሰዓት» የሚል አነበበ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ክራቫቱን አስተካክሎ ደረሰ። መሥሪያ ቤቱ የጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር፤ በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ዕድሉ ስድስት ሰዓት ቀድሞት ሄዷል። እኛ ሁለት የቀን መቁጠሪያና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሕዝብ ነን። የአውሮፕላን ትኬት፣ የኤምባሲ ቀጠሮ፣ የፈተና ፕሮግራም፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው የመድረሻ ሰዓት፣ ሁሉም «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል ጥያቄ ያስፈልገዋል። ወጣቱ ቢደውል ኖሮ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። የጻፈው መሥሪያ ቤትም «ከጠዋቱ» የምትል አንዲት ቃል መጨመር ይገባው ነበር።

አዲስ አበባ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ እየተከራዩ የሚያነቡ ሰዎችን ያየ፣ ሰው ለመረጃ ምን ያህል እንደሚራብ ያውቃል። ጋዜጣውን ገዝተው ለመውሰድ ገንዘቡ አይበቃቸውም፤ ትንሽ ሳንቲም ከፍለው፣ ድንጋይ ላይ ወይም ግንብ ጥግ ተቀምጠው የሥራ ማስታወቂያውን ያነቡና መልሰው ለአከራዩ ይሰጣሉ። ብዙዎቹ በእጃቸው ማስታወሻ አላቸው። የሚፈልጉትን ያውቃሉ፣ ማመልከቻው የሚያበቃበትን ቀን ይጽፋሉ፣ ይነሳሉ። እኔ እነዚህን ሰዎች ሳይ እኮራባቸዋለሁ። ስልክ ይዘን ቀኑን ሙሉ ወሬ ከምናሳድደው ከእኛ ይልቅ መረጃን በአግባቡ የያዙት እነሱ ናቸው። ዜና ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ከታመነ ቦታ መስማት ለአብዛኛው ሰው ይበቃዋል። በመካከሉ ያለው ሰዓት የሥራ ነው።

ሳልጨርስ አንድ ሰው ልጨምር። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ1950 ወሎንኮሚ በምትባል የገጠር መንደር ተወለዱ። እናታቸው ልጄ መማር አለበት ብለው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ከተማ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። እሑድ ማታ በእግር ይሄዳሉ፣ ሳምንቱን እዚያው ይማራሉ፣ ዓርብ በእግር ይመለሳሉ። ከዚያ ጅማ፣ ከዚያ አለማያ፣ ከዚያ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ። ሕይወታቸውን የሰጡት ለማሽላ ነው።

የማሽላ ገበሬ የሆናችሁ አቀንጭራን አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። አበባው ያምራል፤ ሥሩ ግን ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጠዋል። አስቸጋሪው ዘሩ ነው። ከአፈር ተደባልቆ ብዙ ዓመት ይተኛል፤ የማሽላ ሥር አጠገቡ ሲደርስ ይነቃል። ፕሮፌሰር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያነሱት ጥያቄ ዘሩ ምን ሰምቶ ነው የሚነቃው የሚል ነበር። የማሽላው ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀው ንጥረ ነገር አለ፤ አቀንጭራው የሚነቃው ያ ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ያንን ንጥረ ነገር እምብዛም የማይለቁ የማሽላ ዓይነቶችን አዳቅለው አወጡ። ጠላቱ እዚያው አፈር ውስጥ አለ፤ የሚቀሰቅሰው ግን አጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። እኔ ስለ እሳቸው ባነበብኩ ቁጥር የማስበው ግን ስለዚያች እናት ነው። ልጃቸው 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቆመው ስለሸኙት እናት።

አድዋ ጅረት ዳር አረፋዋን የሰጠችው ሴትም ታሪኩ ሲነገር ስሟ አይነሳም። አረፋው ግን የእሷ ነበር።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ እስከ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ለብዙ ዓመት አንድ ነገር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ፈልጉ። ጠላ ጠማቂ ይሁኑ፣ ሸማኔ ይሁኑ፣ ንብ አናቢ ይሁኑ፣ አዋላጅ ይሁኑ። አጠገባቸው ተቀመጡና «እማማ፣ አባባ፣ ይህን እንዲህ የሚያደርጉት ለምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በደብተር ጻፉት፤ ቀኑንም፣ የነገሯችሁንም ሰው ስም አብራችሁ ጻፉ። ልጆች ካሏችሁ እነሱ ይጻፉ። ከዚያ ላኩልን፤ የፈቀዱትን ሰዎች ስም እየጠራን በዚሁ ዝግጅት እናነበዋለን።